ስምንተኛው ሺህና የአራት ኪሎው የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢ



መጪው እሑድ፣ መጋቢት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ዘይት ነው። ዐቢይ ጾም ይጋመሳል። ጎፋ ገብርኤል የሚያስቀድሱትም፣ ሐና ማርያም የሚሳለሙትም የሚሰሙት ወንጌል አንድ ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 24። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን በደብረ ዘይት ተራራ ላይ ለብቻው አግኝተው፣ የዓለም ፍጻሜ ምልክቱ ምንድን ነው ብለው የጠየቁበት ምዕራፍ። እኛም ከአምና ጀምሮ ይህንኑ ጥያቄ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ በታክሲም በለቅሶ ቤትም ስንሰማው ከርመናል። ስለዚህ ዛሬ የዓለምን ፍጻሜ ይዘን ቀርበናል። ክርስትናው ምን ይላል? ሳይንሱስ? የሚነጋገሩት የት ላይ ነው?

ወሬውን የቀሰቀሰችው መሬት ራሷ ናት። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ምሽት አዲስ አበባ ተነቃነቀች። ታኅሣሥ 26፣ ገና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀር ደግሞ ባሰ። የካቲት 7 ሌሊት መጠኑ 6 ገደማ የሆነው መጣ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው እነዚያን ሌሊቶች እንዴት እንደሚያወራቸው ታውቁታላችሁ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንኳኳሉ፤ አምፖሉ ይወዛወዛል፤ በባልዲ የተቀዳው ውኃ ወዲያና ወዲህ ይላል። ጎረቤት ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ልጁን ታቅፎ በደረጃው ይወርዳል። ግቢው ውስጥ ወሬው ይህን ይመስላል፦

«እማማ፣ ምን ጉድ መጣብን?»

«ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፤ ስምንተኛው ሺህ ነዋ! እንግዲህ እሱ ይሁነን።»

ይህን መልስ ያልሰማ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ስምንተኛው ሺህ ሲባል ዛሬ ነገ የሚገባ፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ይመስለናል። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ እርሳስ ያላችሁ ያዙ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከዓለም ፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን ነው። በዚህ ላይ 2018 ሲደመር 7518 ይመጣል፤ ዓመተ ዓለም የሚባለው ይኸው ነው። ሰባቱ ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ የባተው አፄ ልብነ ድንግል በነገሡ ማግስት፣ በ1501 ነው ማለት ነው። ዘንድሮ 518ኛ ዓመቱን ይዟል።

ስለዚህ የጀሞዋ እናታችን አልተሳሳቱም፤ ያለነው በስምንተኛው ሺህ ነው። አያቶቻቸውም፣ የአያቶቻቸው አያቶችም የኖሩት በዚሁ ሺህ ውስጥ ነው። ሺሁ በገባ በ20 ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግል ሠራዊት በኢማም አሕመድ ጦር ተፈታ፤ ከዚያ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ንጉሡም ከአምባ አምባ ሲሸሹ ሞቱ። ያን ጊዜ የኖረ ሰው የመጨረሻውን ዘመን አየሁ ቢል ማን ይፈርድበታል? በኋላም ፍካሬ ኢየሱስ የሚባለው መጽሐፍ በመከራው ዘመን ማብቂያ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ስለሚል፣ የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲቀቡ ያንኑ ስም ወሰዱ። የፍጻሜ ትምህርት በአገራችን ከአውደ ምሕረት አልፎ ቤተ መንግሥት ገብቶ የታሪክ አቅጣጫ ያስቀየረበት ጊዜ አለ።

ነገሩ የእኛ ብቻም አልነበረም። ሩሲያውያን ከዓለም ፍጥረት የሚቆጥሩበት ዘመን ከእኛ ጥቂት ስለሚቀድም፣ 7000 የሞላላቸው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። የፋሲካ ማውጫ ሠንጠረዣቸው እዚያው ዓመት ላይ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ ፋሲካ የሚያስፈልገው ሰው አይኖርም ተብሎ ነበርና። ዓመቱ መጣ፣ ዓመቱ አለፈ። የሞስኮው ሊቀ ጳጳስ ዞሲማና የኖቭጎሮዱ ጌናዲ የቀረቡላቸው አማራጮች ብዙ አልነበሩም፤ ቁጭ ብለው የስምንተኛውን ሺህ ፋሲካ ማውጣት ጀመሩ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ፤ ግን ደግሞ አከብራቸዋለሁ። ሥራቸውን ቀጠሉ።

ከሁሉ የሚገርመው የ5500 ቁጥር አመጣጥ ነው። በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ በእኛ መጻሕፍት አቡሊዲስ ዘሮም የሚባለው አባት የትንቢተ ዳንኤልን ትርጓሜ ሲጽፍ፣ ክርስቶስ በ5500 ዘመን ተወለደ፣ ስድስተኛው ሺህ ሊሞላ ገና ሦስት መቶ ዓመት ያህል ይቀራል አለ። ለምን ይህን ማለት አስፈለገው? በዘመኑ የነበረውን ድንጋጤ ለማብረድ። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ጉዳዮችን ይተርካል። አንዱ የሶርያ ጳጳስ ነው፤ ክርስቶስን ልንቀበል ብሎ ምእመናኑን ከነሕፃናቱ ይዞ ምድረ በዳ ወጣ፤ በየተራራው ሲንከራተቱ የአገሩ ገዥ ሽፍታ መስለውት ሊያስፈጃቸው ምንም አልቀረው። ሌላው በጳንጦስ የነበረ ጳጳስ ነው፤ በሕልሜ አየሁ ብሎ በዓመት ውስጥ ፍርድ ይሆናል ሲል አወጀ፤ ሕዝቡ እርሻውን ተወ፣ ንብረቱን ሸጠ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ለማኝ ሆነው ቀሩ። አድማጮች፣ ይህ የተጻፈው ከ1800 ዓመት በፊት ነው! ዛሬ እኛ ለማስፈራሪያ የምንመዝዘው አቆጣጠር፣ አንዱ ሥሩ የተተከለው ሰውን ለማረጋጋት ነበር።

አሁን ወደ መሬቱ እንመለስ። አምና የተነቃነቅነው ለምንድን ነው? ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በመተሐራና በአዋሽ በኩል፣ ፈንታሌና ዶፈን የሚባሉ እሳተ ገሞራዎች አሉ። በመካከላቸው ከጥልቅ የመጣ ቅልጥ ዓለት በመሬት ቅርፊት ውስጥ ወደ ጎን ሰርጎ ገባ። ግንድ በሽብልቅ እንደሚሰነጠቅ ዓይነት ነው፤ ቅልጡ በገባ ቁጥር ዙሪያው ያለው ዓለት ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ሳተላይቶች በራዳር የመሬቱን ከፍና ዝቅ ማለት በሴንቲ ሜትር ለክተው ይህን አሳይተዋል። በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሡ። እኛ ብርጭቆ ሲንኳኳ ነው የሰማነው፤ የአዋሽ ፈንታሌ ሰው ግን ቤቱ ፈርሶበታል፣ ደጁ ተሰንጥቆበታል። ስለ ምልክት ስናወራ እነሱን መርሳት ነውር ነው። ባለፈው ኅዳር 14 ደግሞ አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ ተመዝግቦ አያውቅም፤ አመዱ በነፋስ ተነድቶ ሕንድ ደረሰ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ስምጥ ሸለቆው በዓመት በሚሊ ሜትሮች የሚቆጠር ያህል እየተከፈተ ስለሆነ ነው። እየተከፈተ ያለውም ሰው በምድር ላይ ከመታየቱ በፊት ጀምሮ ነው። በ1998 ዓ.ም. መባቻ፣ አፋር ዳባሁ አጠገብ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። ከዚያ ቀደም፣ በነሐሴ 1898 ዓ.ም.፣ ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የምኒልክን አዲስ አበባ አናውጧል። በ1953 ካራቆሬ ላይ በተነሣው ማጀቴ ፈረሰች፤ በ1961 ሰርዶ ፈረሰች።

እነዚህን ቀኖች ከየት አገኘናቸው? እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። አባ ፒየር ጉዌን ካናዳዊ ነበሩ፤ ኢየሱሳዊ ካህን። አፄ ፋሲል ያባረሯቸው ኢየሱሳውያን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ እ.ኤ.አ. በ1945 መምህራን ሆነው ሲመለሱ፣ ይህ የታሪክ ቀልድ ነው ያሉ ሳይኖሩ አይቀሩም። አባ ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ገደማ፣ ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ፣ አራት ኪሎ የሳይንስ ግቢ ውስጥ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ አቋቋሙ። አዲስ አበባ የተመረጠችው ለመሬት መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው። ካህኑ እዚያ ሃያ ዓመት ያህል መንቀጥቀጥ ሲመዘግቡ ኖሩ። መሣሪያ ካልነበረበት ዘመን ለመጣው ደግሞ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የሚሲዮናውያንን ደብዳቤ አገላብጠው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ዛሬም የአዲስ አበባ የመንቀጥቀጥ ስጋት ሲሰላ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ያ መጽሐፍ ነው። ጣቢያው አሁን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የስፔስ ሳይንስና የአስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ፈንታሌ ሲነቃነቅ ማብራሪያ የሰጡን ባለሙያዎችም ከዚያ ናቸው።

እኒህ ካህን ይቀድሱ ነበር፤ በቅዳሴው የክርስቶስን ዳግም ምጽአት ይመሰክራሉ። ከዚያ ሄደው የመሣሪያውን ወረቀት ያነባሉ። ወረቀቱ ላይ ምጽአትን አልፈለጉም። ለእኔ የእምነትና የሳይንስ ንግግር ሲባል ከብዙ ክርክር ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል። ደግሞም ከወንጌሉ ጋር አይጋጭም፤ ማቴዎስ 24 ፍጻሜው ገና እንደሆነ፣ ረኃብንና መንቀጥቀጥን ጠቅሶም እነዚህ የምጥ መጀመሪያ እንደሆኑ ይናገራል፤ ዝቅ ብሎም ቀኒቱንና ሰዓቲቱን መላእክትም እንደማያውቋት ይገልጻል። ይህን ምዕራፍ ይዞ ቀን የሚቆርጥ ሰባኪ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው አላነበበም።

በ2012 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። አንበጣው መጣ፣ ኮሮናው መጣ፣ ሰኔ 14 እሑድ ደግሞ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ተጋረደችና ዙሪያዋ የእሳት ቀለበት ሆነ። ሦስቱን በአንድ ላይ የደመረ ሰው መደንገጡ አይፈረድበትም። ሆኖም የፀሐዩ ግርዶሽ ቀንና ደቂቃ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰልቶ የታወቀ ነበር። አንበጣውንም ያመጣው ከሁለት ዓመት በፊት በዓረብ በረሓ ላይ የዘነበው ያልተለመደ የአውሎ ነፋስ ዝናብ ነው፤ አሸዋው ረጠበ፣ አንበጣው ሰው በማይደርስበት ቦታ ትውልድ በትውልድ ላይ ረባ። ሳይንስ ግርዶሽን በሰከንድ ይነግርሃል፤ የመሬት መንቀጥቀጥን ቀን ግን ሊነግርህ አይችልም፤ ስጋቱ የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው የሚያውቀው። የኛ ሊቃውንትም እንዲሁ ናቸው። በባሕረ ሐሳብ የማንኛውንም ዓመት ፋሲካ ያወጡልሃል፤ የዘንድሮው ሚያዝያ 4 ነው፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ያለውንም ጠይቃቸው፣ ያወጡታል። የምጽአትን ቀን አውጡልን ብትላቸው ግን ይሥቁብሃል፣ ወይም ይቆጡሃል። የሚቆጠረውን ከማይቆጠረው መለየት ሁለቱም ወገን ያውቁበታል።

እስካሁን የተስማሙበትን ነው ያነሣነው። የማይስማሙበትስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠነክራል።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ለዓለም ፍጻሜ የራሳቸው ትረካ አላቸው። ፀሐይ ቀስ በቀስ እየደመቀች ትሄዳለች፤ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ብርሃኗ በ10 በመቶ ያህል ሲጨምር ውቅያኖሶች ይተናሉ፣ ምድር ሕይወት የማይኖርባት ትሆናለች። ከአምስት ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ሃይድሮጅኗን ጨርሳ ታብጣለች፣ ትቀላለች፣ ምናልባትም ምድርን ትውጣለች። ዩኒቨርስ ራሱስ? ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ እየሰፋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች የሚሰፋበት ፍጥነት እየጨመረ መሆኑን ደረሱበት። በዚሁ ከቀጠለ ከዋክብት አንድ በአንድ ይጠፋሉ፤ ቀዝቃዛና ጨለማ ስፋት ይቀራል።

አንዳንድ ሰባኪ ይህን ሲሰማ ይቸኩላል። ፀሐይ ምድርን ትውጣለች ከተባለ፣ ያው ጴጥሮስ በመልእክቱ ፍጥረት በእሳት ይቀልጣል ያለው ነው ይላል። እኔ ይህን መንገድ አልወደውም። አምስት ቢሊዮን ዓመት እየቆጠረ ነቅቶ የሚጠብቅ ማን ነው? ደግሞ ነገ ሳይንሱ ቢሻሻል ስብከቱ አብሮ ይወድቃል። ይህን አደጋ አስቀድሞ ያየ ካህን ነበር፤ ቤልጅየማዊው ዦርዥ ለሜትር። ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈ፣ በ1931 ደግሞ ዛሬ ታላቁ ፍንዳታ የምንለውን ሐሳብ ያፈለቀ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ ይህ ሳይንስ የዘፍጥረትን ቃል ያረጋግጣል የሚመስል ንግግር ሲያደርጉ፣ ካህኑ ደስ አላለውም። ለእሱ ያ የፊዚክስ ሐሳብ ነበር፤ ቢጸናም ቢፈርስም እምነቱ በእሱ ላይ አልቆመም። ስለ መጀመሪያው ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ስለ መጨረሻውማ!

ታዲያ ሁለቱን እንዲሁ ለየብቻ ትተናቸው እንሂድ? ጆን ፖልኪንግሆርን እሺ አላለም። ይህ ሰው በካምብሪጅ የሒሳባዊ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ወንበሩን ለቀቀና በ1982 የአንግሊካን ካህን ሆነ። ሐሳቡን በአጭሩ ላስቀምጠው። ፊዚክስ የሚለው እውነት ነው፤ ይህ ዓለም በራሱ ኃይል ወደ መልካም ፍጻሜ አይሄድም፤ ሥልጣኔም አያድነውም። ክርስቲያን ተስፋ ካለው ተስፋው ከተፈጥሮ ሕግ አይመነጭም፤ ፈጣሪ ለፍጥረቱ ካለው ታማኝነት ብቻ ነው። አዲሱ ፍጥረትም አሮጌው ተጥሎ ከምንም የሚሠራ አይሆንም፤ አሮጌው ራሱ ይለወጣል። ለዚህ ምሳሌው የተነሣው ክርስቶስ ነው፤ ሥጋው ከብሮ ሳለ የችንካሩ ምልክት አብሮት ነበር።

ይህ ለእኛ ሩቅ ትምህርት አይደለም። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በልጅነቱ ያጠና ሰው አምስተኛው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን መሆኑን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ነፍስ ከዓለም ሸሽታ ታመልጣለች ብላ አይደለም፤ ሥጋም ይነሣል፣ ሰማይና ምድርም ይታደሳሉ ብላ ነው። እዚሁ መካኒሳ ባለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪም፣ በትርጓሜና በሥርዓት ቢለያዩም፣ የሙታን ትንሣኤ ላይ ልዩነት የለም። ፊዚክስ ግን ስለዚህ የሚለው ነገር የለውም። ለትንሣኤ ማስረጃ አይሰጥም፣ ማስተባበያም አይሰጥም፤ የሚያጠናው የተፈጥሮን ልማድ ነውና። እምነት የሌለው አድማጫችን እዚህ ላይ «እኔ ከሥነ ፈለኩ ትረካ አላልፍም» ቢል በሐቅ ተናግሯል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በስምንተኛው ሺህ ወይም በመሬት መንቀጥቀጥ ላይ የምናደርገው ክርክር ግን ከዋናው ልዩነት ያዘናጋናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዓለም ሊያልፍ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ስለ ዓለም ምን ግድ አለው የሚል ክስ አለ። የጳንጦስ ገበሬዎች ታሪክ ክሱ መሠረት እንዳለው ያሳያል። ሆኖም በአገራችን የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ የጻፈችው ደብዳቤ ሌላ መንገድ አሳይቷል፤ ወንጌልንና ልማትን አትነጥሉብን፣ ሰው ሙሉ ነው የሚል ነበር። ትንሣኤ ሥጋን የሚያምን ሰው ሥጋን አይንቅም፤ ሥጋ ያደረበትን ቤትም እንዲሁ።

ስለ ቤት ካነሣን፣ ከጀሞ፣ ከለቡና ከኃይሌ ጋርመንት በኩል ለምትሰሙን ጥቂት ልበል። ሲነቃነቅ ሊፍት ውስጥ አትግቡ። በደረጃ እየተገፋፋችሁም አትሩጡ፤ እዚያ ጉዳት ሊደርስባችሁ ይችላል። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ከመስኮትና ከቡፌ ራቁ፤ ንዝረቱ ሲቆም ጋዙን ዘግታችሁ ውረዱ። ቤት የምትሠሩ ደግሞ አገራችን የመንቀጥቀጥ ንድፍ ኮድ አላት፤ መሐንዲሳችሁን ለመንቀጥቀጥ ተሰልቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ብረት የሚቀንስ ተቋራጭ ካያችሁ ዝም አትበሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት የዘመን አቆጣጠር መጽሐፉን አቡሻክርን ይዘን እንመጣለን፤ ለበዓላት ማውጫ የሚያገለግሉት አበቅቴና መጥቅዕ እንዴት እንደሚወጡ በተግባር እናሳያለን፤ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ጠብቁን።